ዋጋው የማይናገረው ውሃ፤ ከአቃቂ ማሳ እስከ ገበያ

በአዲስ አበባ የአትክልት ገበያ ቆስጣ የሚሸጠው በመልኩ ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ አረንጓዴና ያልጠወለገ ከሆነ ደህና ዋጋ ያወጣል፤ ቢጫ ከጀመረው ደላላው ራሱ ዋጋውን ይሰብራል። በምን ውሃ እንደበቀለ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም፤ ቢጠየቅም የሚመልስ አይገኝም። በጉድጓድ ውሃ የለማውም ሆነ በአቃቂ ወንዝ ፍሳሽ የለማው በአንድ መኪና ይጫናል፤ በአንድ ዋጋም ይሸጣል። ይባስ ብሎም መልክ ያታልላል። የከተማ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚይዝ እንደ ማዳበሪያ ያገለግላል፤ በፍሳሹ የበቀለው ቅጠል ከሌላው ይበልጥ ለምለም ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ይህ የጤና ጉዳይ እንጂ የገበያ ጉዳይ ነው ወይ? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነው። አንድ ዕቃ ስለራሱ የሚያስፈልገው መረጃ በዋጋው ላይ ካልታየ የሚጎዳው በልቶ የሚታመመው ሸማች ብቻ አይደለም። ለንጹህ ውሃ ወጪ ያወጣው አምራች፣ ለጥራት የተጨነቀው ነጋዴና ወደዚህ መስክ ሊገባ ያሰበው ባለሀብትም አብረው ይጎዳሉ።

ወንዙ ከየት ወዴት

አቃቂ ሁለት ነው። ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ በምዕራቡ የፋብሪካና የመኖሪያ ሠፈር በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ተነስቶ በአቃቂ ከተማ በኩል ያልፋል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ግድቡ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠርቶ ለመዲናዋ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጭ የነበረ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ሥራ ጀምሯል። ከግድቡ የሚወጣው ውሃ ከአዋሽ ይቀላቀልና ወደ ቆቃ ይጓዛል። ስለዚህ የአቃቂ ነገር በአቃቂ ቃሊቲ ብቻ የሚቀር አይደለም።

በመንገዱ ላይ ወንዙን የሚያገኘው ብዙ ነው፤ የቆዳ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቀለም ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የሆስፒታልና የመፀዳጃ ቤት ፍሳሽ። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ማጣሪያው የሚያጣራው በቱቦ የደረሰለትን ብቻ ነው፤ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ የሚለቀቀው አያገኘውም።

በዚህ ወንዝ ዳር ገበሬው ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች ያመርታል። ቅጠላ ቅጠል ቶሎ ስለሚጠወልግ ከሩቅ ማምጣት አያዋጣም፤ የከተማ ዳር ማሳ ብልጫው እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ላፍቶ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲዛወር የጅምላ ገበያው ለደቡቡ ማሳ ይበልጥ ቀርቧል።

ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ የወቅት ጉዳይም አለ። የቅጠላ ቅጠል ተፈላጊነት የሚጨምረው በዐቢይ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ በበጋ ይውላል። በበጋ የወንዙ ውሃ ስለሚቀንስ የፍሳሹ ድርሻ ይበዛል፤ ገበሬውም ዝናብ ስለሌለው ሙሉ በሙሉ በመስኖ ይደገፋል። ገበያው አብዝቶ የሚገዛው ውሃው በጣም በከፋበት ወቅት ነው ማለት ነው።

ቅጠል፣ ሥርና ፍሬ

በውሃው የሚመጣው አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕይወት ያለው ነው፤ የተቅማጥና የታይፎይድ ባክቴሪያ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የወስፋት እንቁላል። ሁለተኛው ሕይወት የሌለው ነው፤ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ክሮሚየምና የመሳሰሉት ከባድ ብረቶች። ሁለቱ መለየት አለባቸው፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና።

የመጀመሪያው በእሳት ይሞታል። በደንብ የተቀቀለ ጎመን ከዚህ በኩል አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ጥሬውን የሚበላው ሰላጣ ነው። በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና በአቼቶ መዘፍዘፍ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት የሚውል የመስኖ ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1,000 የማይበልጥ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ እንዲይዝ ወስኖ ነበር። በ2006 ግን ከውሃው ባሻገር ከማሳ እስከ ማዕድ ያለውን መንገድ ሁሉ የሚመለከት አሠራር መረጠ። ለምሳሌ ገበሬው ከመልቀሙ ጥቂት ቀናት በፊት መስኖውን ቢያቆም ፀሐይ ብዙውን ጀርም ትገድለዋለች።

ሁለተኛው ግን እሳት አይበግረውም። ካድሚየም በቅጠሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጡም ስለሚገኝ መቀቀልም ሆነ አቼቶ አያስወጣውም፤ ማጠብ የሚያስወግደው ከላይ የተጣበቀውን አፈርና አቧራ ነው። ወደ ሰው ገላ ከገባ በኋላ በኩላሊት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ክሮሚየም ያን ያህል መርዛማ ያልሆነው ዓይነት ቢሆንም ወደ አደገኛው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በአንድ ኪሎ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ የሚፈቅደው ካድሚየም እስከ 0.2 ሚሊ ግራም፣ እርሳስ ደግሞ እስከ 0.3 ሚሊ ግራም ነው።

አትክልት ሁሉ ግን እኩል አይስብም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባወጡት ጥናት በከተማዋ ማሳዎች የበቀለ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አነጻጽረው ነበር። ከሦስቱ ብረት በትንሹ የተገኘበት ጥቅል ጎመን ነው፤ ቆስጣና ሰላጣ በልጠው ተገኙ። በጥቅሉ ሲታይ ቅጠል ብዙ ይስባል፤ እንደ ቲማቲም ያለ ፍሬ ያነሰ ይስባል፤ ሥራ ሥር ደግሞ አፈር ውስጥ ስለሚያድግ ቢያንስ በደንብ ታጥቦ መላጥ አለበት።

የአቃቂ መረሬ አፈርም የራሱ ጠባይ አለው። ጥቁሩ ሸክላ ብረቱን ይዞ ያስቀራል። ይህ በአንድ በኩል ወደ ተክሉ የሚያልፈውን ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል ግን የተጠራቀመው ወንዙ ቢጠራ እንኳ ወዲያው አይለቅም። መሬት ለሚገዛ ወይም ለሚከራይ ባለሀብት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ውሃውን ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ማስመርመር ይገባዋል።

ገበያው ለምን ዝም አለ?

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው እዚህ በደንብ ይሠራል። ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በመካከለኛ ዋጋ የማያዋጣው የደህናው መኪና ባለቤት ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። ሰውየው በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነዋል።

ቆስጣውም እንዲሁ ነው። ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ፓምፕ ተክሎ፣ ለነዳጅ ወይም ለመብራት ከፍሎ የሚያመርት ሰው ወጪው ይበዛል። ወንዝ የሚጠልፈው ጎረቤቱ ይህ ወጪ የለበትም፤ ከማዳበሪያም ይቆጥባል። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከሸጡ የመጀመሪያው ይከስራል። ጥፋቱ ግን የወንዝ ዳሩ ገበሬ አይደለም። ፍሳሹን የለቀቀው እሱ አይደለም፤ ከላይ ያለው ፋብሪካና እኛው ነዋሪዎች ነን። ስለዚህ «የአቃቂ አትክልት አትግዙ» ማለት ቅጣቱን ያላጠፋ ላይ መጣል ነው።

እኛው ስንል ያለ ምክንያት አይደለም። የተጣለ የባትሪ ድንጋይ፣ የተደፋ የሞተር ዘይትና የቀለም ቆርቆሮ መጨረሻቸው ይኸው ወንዝ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒ.ፒ.ኤም. እንዳይበልጥ ይከለክላል። ቀለም ስንገዛ ማሸጊያውን ማንበብና መጠየቅ ግድግዳችንን ብቻ ሳይሆን ሰላጣችንንም ይመለከታል። ፌስታልም የጎርፍ ቦይ ደፍኖ ፍሳሹን ወደ ማሳ ይመልሳል።

ሕጉስ?

በወረቀት በኩል አልጎደለንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ለነባር ፋብሪካዎች እስከ 5 ዓመት እፎይታ ሰጥቶ ነበር፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ሥስ ፌስታልን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 513 የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቢሆንም ፌስታል ከእጃችን ስላልጠፋ በ2017 ዓ.ም. የበለጠ የጠበቀ አዋጅ ማውጣት አስፈልጓል። የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ለእስር ቆስጣ ግን ይህ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ከማሳ እስከ ጉሊት ምንም ጽሑፍ አይከተለውም።

ልዩነቱ የሚታየው ወደ ውጭ በሚላከው ላይ ነው። የአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመሩት፣ ዛሬ ግሎባል ጋፕ የሚባለው የምስክር ወረቀት የመስኖ ውሃው ከየት እንደመጣና መቼ እንደተመረመረ ይጠይቃል። ላኪው የሚያስመረምረው ገዢው ስለሚጠይቀው ነው። የአገር ውስጥ ገዢ ስላልጠየቀ አልተመረመረለትም።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ምንጩን ለይቶ መጫን። ደላላው ማሳውን ያውቀዋል፤ የትኛው በጉድጓድ፣ የትኛው በወንዝ እንደሚጠጣም ያውቃል። ይህን እውቀት በነጻ መበተኑን ትቶ ሊሸጠው ይችላል። የጉድጓዱን ለብቻ ለይቶ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ምግብ አቅራቢና ለሱፐርማርኬት ቢያቀርብ ጭማሪ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ማስመርመር። ወጪው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የአንድ ዙር የላቦራቶሪ ምርመራ 10,000 ብር ወሰደ እንበል። በዚያ ዙር 100 ኩንታል የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ወጪውን ቢያካፍል ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው 1 ብር ነው። አምስት ነጋዴዎች ከአንድ አካባቢ የሚጭኑ ከሆነና ከተጋሩት ወደ 20 ሳንቲም ይወርዳል። ጉድጓድም ቢሆን በፋብሪካ ሠፈር ካለ ሳይመረመር አይታመንም።

ሦስተኛ፣ ከገበሬው ጋር ሰብል መለወጥ። ወንዝ ዳር ያለውን ገበሬ ከመሸሽ ይልቅ ከቆስጣና ከሰላጣ ወደ ጥቅል ጎመን ወይም ወደ ሌላ ብረት ያነሰ ወደሚስብ ሰብል እንዲዞር አስቀድሞ የግዢ ውል መስጠት ይቻላል። ገበሬው የሚፈራው የሰብሉን ለውጥ ሳይሆን ገዢ ማጣትን ነው። አበባና የከተማ ችግኝም ለእንዲህ ያለው መሬት የሚስማማ ምርት ነው፤ አይበላምና።

ለሸማቹም ቢሆን ምርጫው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሰላጣ ጥሬውን የሚበላ ቤት ምንጩን ካላወቀ በጥቅል ጎመን ይተካው። ቆስጣን በየቀኑ ከመብላት አትክልቱን ያፈራርቅ። ዘንቢል ይዞ ወደ ገበያ ይውጣ። ከሁሉም በላይ «ይህ በምን ውሃ በቀለ?» ብሎ ይጠይቅ። አንድ ሰው ቢጠይቅ ቸርቻሪዋ ትስቅ ይሆናል፤ ሃያ ሰው ቢጠይቅ ግን ጥያቄውን ወደ ጅምላ ነጋዴው፣ እሱም ወደ ማሳው ይዞት ይሄዳል።

የሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ሲገባ የቅጠላ ቅጠል ዋጋ እንደ ወትሮው ይወጣል። ያን ጊዜ የምንጭ ወረቀት ይዞ የሚቀርብ አቅራቢ ከሌላው የሚለይበት ነገር ይኖረዋል። ለዚያ ደግሞ ጉድጓዱን ማስመርመርና ውሉን መፈራረም ያለበት ከጾሙ በፊት፣ ዘሩ መሬት ሳይገባ ነው።