ተጥሎ የተገኘ ሕፃን በኮምፒውተር ፊት፦ የሕግ አመክንዮን በፕሮግራም ስለ መቅረጽ

መግቢያ

የሕግ ድንጋጌ በአብዛኛው «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሆናል» የሚል ቅርጽ አለው፤ ሁኔታውን ካስቀመጠ በኋላ ውጤቱን ያስከትላል። የኮምፒውተር ፕሮግራምም የሚጻፈው በተመሳሳይ ቅርጽ በመሆኑ፣ የሁለቱ ዝምድና የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበው ኮምፒውተር ገና በጅምር ላይ ሳለ ነበር። አሜሪካዊው ሌይማን አለን እ.ኤ.አ. በ1957 በየል የሕግ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የአመክንዮ ምልክቶች የሕግ ሰነዶችን አሻሚነት ለማጥራት እንደሚያገለግሉ አሳይተዋል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት እና የሕግ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በቦስተን ተካሄደ።

መስኩ እስካሁን የተጓዘባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ደንብን መቅረጽ፣ ጉዳይን ከጉዳይ ማነጻጸር እና ከብዙ ጽሑፍ ዝምድናን መማር ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሦስቱንም በአንድ ድንጋጌ አማካይነት ያብራራል። ድንጋጌው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 3 ነው። የተመረጠበት ምክንያት አጭር ሆኖ ሳለ ውጤቱ የአንድን ሰው ዕድሜ ልክ የሚወስን መሆኑ ነው።

ድንጋጌው ምን ይላል?

አንቀጽ 3 ሁለት ነገሮችን ይደነግጋል። በመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ መሠረት ከወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። በሁለተኛው መሠረት ደግሞ በኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን፣ የውጭ አገር ዜግነት ያለው መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደ ተወለደ ተቆጥሮ የኢትዮጵያ ዜግነት ያገኛል። የሕግ ባለሙያዎች ይህን የመሰለውን አነጋገር የሕግ ግምት ይሉታል። ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ማንም ባያውቅም ሕጉ ሕፃኑን አገር አልባ አድርጎ አይተወውም፤ የማስረዳት ሸክሙን «ውጭ አገር ዜጋ ነው» በሚለው ወገን ላይ ይጥላል።

ደንብ ወደ ፕሮግራም ሲለወጥ

ለዚህ ድንጋጌ በጣም የቀረበው የምርምር ታሪክ የሚገኘው በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ነው። ማሬክ ሰርጎት፣ ፋሪባ ሳድሪ፣ ሮበርት ኮዋልስኪ እና ሦስት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት እ.ኤ.አ. የ1981ን የብሪታንያ ዜግነት ሕግ ፕሮሎግ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው አቀረቡ። የብሪታንያው ሕግም ተጥሎ ስለ ተገኘ አራስ ልጅ ተመሳሳይ ግምት ይዟል። እዚያም ግምቱ የሚጸናው ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ነው።

የኢትዮጵያውን አንቀጽ በዚሁ መንገድ ቢቀርጹት ደንቡ በግርድፉ እንዲህ ይሆናል፦ ሀ በኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ ከተገኘ፣ ሀ ሕፃን ከሆነ፣ እና ሀ የውጭ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ፣ ሀ ኢትዮጵያዊ ነው። ሦስት ሁኔታዎችና አንድ ውጤት ያሉት ይህ ደንብ ቀላል ይመስላል። ሆኖም እያንዳንዱ ሁኔታ ጠጋ ብለው ሲመለከቱት የየራሱ ጥያቄ አለው።

አንደኛው ጥያቄ የቃል ነው። «ሕፃን» የሚለው ቃል እስከ ስንት ዓመት ያለውን ልጅ ይጠቀልላል? አራስን እንደሚያጠቃልል አያጠራጥርም፤ የሦስት ዓመቱ ወይም የሰባት ዓመቱ ልጅ ግን ያከራክራል። እንግሊዛዊው የሕግ ፈላስፋ ኸርበርት ሃርት እ.ኤ.አ. በ1958 ተሽከርካሪ ወደ መናፈሻ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብን ምሳሌ አድርገው እንዳስረዱት፣ ማንኛውም የሕግ ቃል የማያከራክር እምብርትና የሚያከራክር ዳር አለው። ፕሮግራሙ ዳሩን ራሱ መወሰን ስለማይችል ወይ ተጠቃሚውን ይጠይቃል፣ ወይም ፕሮግራም ጸሐፊው አንድ የዕድሜ ገደብ ይጽፍበታል። ሁለተኛውን ከመረጠ ግን ሕግ አውጪው ያላለውን ብሏል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሁኔታው ማንነት ነው። የኢትዮጵያው ድንጋጌ ግምቱን የሚያፈርሰው የሕፃኑ የውጭ ዜግነት ሲረጋገጥ እንጂ የወላጁ የውጭ ዜግነት ሲረጋገጥ አይደለም። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እናት ዜግነቷን ለልጇ እንዳታስተላልፍ የሚገድቡ የአንዳንድ አገሮች ሕጎች በመኖራቸው እናቱ የውጭ ዜጋ መሆኗ ቢታወቅም ልጁ የእርሷን ዜግነት ላያገኝ ይችላል። በችኮላ «ወላጁ የውጭ ዜጋ ካልሆነ» ብሎ የጻፈ ባለሙያ ድንጋጌው ሊያድነው ያሰበውን ልጅ ከጥበቃው ውጭ ያደርገዋል። ፕሮግራሙ አንዳች ስህተት ሳያሳይ ይሠራል፤ የሚያሰላው ግን ሌላ ሕግ ነው።

የመዝገብ ዝምታ

ከሁሉም የሚከብደው «ካልተረጋገጠ» የሚለው ቃል ነው። በፕሮሎግ ውስጥ አንድ ነገር ሐሰት ነው የሚባለው ሊረጋገጥ ባልቻለ ጊዜ ነው። ይህ አሠራር «ማረጋገጥ አለመቻልን እንደ አሉታ መውሰድ» የሚባል ሲሆን ኪት ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የንድፈ ሐሳብ መሠረት አበጅተውለታል። በመዝገብ ውስጥ የሌለ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ነው። ለንዑስ አንቀጽ 2 ይህ አሠራር በልክ የተሰፋ ያህል ይስማማል፤ የውጭ ዜግነት ማስረጃ ካልተገኘ ሕፃኑ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ዝምታው ይጠቅመዋል።

በንዑስ አንቀጽ 1 ግን ያው ዝምታ ተቃራኒ ውጤት አለው። አመልካቹ «እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት» ብሎ በመዝገቡ ውስጥ የእናቱ ማስረጃ ባይኖር፣ ፕሮግራሙ «ማረጋገጥ አልቻልኩም» ከማለት አልፎ «ኢትዮጵያዊ አይደለም» ወደሚል መደምደሚያ ያመራል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዝርዝር ሥርዓት የተዘረጋው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የልደት የምስክር ወረቀት አለመያዙ ስለ ትውልዱ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ የመዝገብ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው የማስረዳት ሸክም እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። ሁለቱን ንዑስ አንቀጾች በአንድ ዓይነት አሉታ የቀረጸ ፕሮግራም የማስረዳት ሸክሙን ሳያውቀው አዛውሯል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የለንደኑ ቡድን እንዳመለከተው፣ በግምት ላይ የቆመ መደምደሚያ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ሊሻር የሚችል ነው። የሕፃኑ የውጭ ዜግነት ከአሥር ዓመት በኋላ ቢረጋገጥ ፕሮግራሙ «ኢትዮጵያዊ ነው» ያለውን በቅጽበት ይሰርዛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱ እንዳይገፈፍ ይከለክላል። ያ ልጅ በእነዚያ ዓመታት ዜጋ ነበር ወይስ ዜጋ መስሎ ኖረ? ጥያቄው ክርክርና ፍርድ የሚሻ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በአንድ መስመር ያልፈዋል።

እንዲህ ያሉ ልዩ ሁኔታዎችን በግልጽ ለመያዝ የተደረጉ ጥረቶች አሉ። በፈረንሳይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2021 በጥናት የቀረበው ካታላ የተባለው ቋንቋ አጠቃላይ ደንብንና ከእርሱ የሚያፈነግጡ ልዩ ሁኔታዎችን ለይቶ ያስቀምጣል፤ የሕጉን ጽሑፍና የፕሮግራሙን መስመርም ጎን ለጎን ያኖራል። በዚህ ዘዴ የሕግ ባለሙያና ፕሮግራም ጸሐፊ አንድ ገጽ አብረው ያነብባሉ፤ ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት የቃል መንሸራተትም ቶሎ ይታያል።

ከጉዳይ ወደ ጉዳይ

ደንብ ሲያሻማ ዳኛ ቀደም ብለው የተሰጡ ውሳኔዎችን ይመለከታል። ይህን የአመክንዮ ዓይነት በኮምፒውተር የቀረጸው ቀደምት ሥራ ሃይፖ የተባለው ነው። ኤድዊና ሪስላንድ እና ኬቪን አሽሊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ይህ ሥርዓት የንግድ ምስጢር ክርክሮችን ይተነትናል። ባለቤቱ ምስጢሩን ለመጠበቅ ምን ጥንቃቄ አደረገ? ለውጭ ሰዎች ገልጾታል ወይ? ሠራተኛው ምስጢር ለመጠበቅ ተስማምቶ ነበር ወይ? እነዚህን በመሰሉ መመዘኛዎች አዲሱን ጉዳይ ከቀድሞዎቹ ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚያም ለአንደኛው ወገን የሚረዳ ውሳኔ ይጠቅሳል፣ በሌላው ወገን ስም ውሳኔው የሚለይበትን ነጥብ ያሳያል፣ ለዚያም መልስ ያቀርባል። ፍርድ አይሰጥም፤ ክርክሩን ያደራጃል።

ይህ መንገድ የተደራጀ የሕግ ኮድ ለምትከተለው ኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ ተደርጓል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህን መርሕ ይዞ ቀጥሏል። ከዚያ ወዲህ ጠበቃ «ይህ ጉዳይ ችሎቱ ከወሰነው ጋር አንድ ነው» ወይም «የተለየ ነው» ብሎ መከራከር ግድ ሆኖበታል። በቅጽ በቅጽ የታተሙት የሰበር ውሳኔዎች በሃይፖ ዓይነት መመዘኛዎች ቢተነተኑ፣ የትኛው ፍሬ ነገር ውጤቱን እንደለወጠ ለማየት ያስችላሉ።

ከጽሑፍ ብዛት መማር

ሦስተኛው መንገድ ደንብም መመዘኛም በእጅ አይጽፍም፤ ከብዙ ውሳኔዎች ውስጥ የቃላትን ዝምድና ይማራል። ኒኮላዎስ አሌትራስ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትን ውሳኔዎች በአማካይ 79 በመቶ ትክክለኛነት መተንበይ ችለዋል። ቁጥሩ ሲነበብ ግን አንድ ነገር መታሰብ አለበት፤ ለትንበያው የዋለው የፍሬ ነገር ትረካ የተወሰደው ፍርድ ቤቱ ራሱ ከጻፈው ፍርድ ነው። ውሳኔውን የሚያውቅ ጸሐፊ ትረካውን ሲያዘጋጅ ወደ ውሳኔው የሚያመሩትን ነጥቦች ማጉላቱ የሚጠበቅ ነው። ጉዳዩ ገና ሲቀርብ መተንበይ ሌላ፣ ካለቀ በኋላ መለየት ሌላ ነው።

ጽሑፍ የሚያመነጩት አዳዲሶቹ ሞዴሎች ደግሞ ሌላ አደጋ ይዘው መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ፈጽሞ ያልነበሩ ውሳኔዎች በአቤቱታቸው የጠቀሱ ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ሞዴሉ የሚያውቀው ውሳኔ እንዴት እንደሚጠቀስ እንጂ የተጠቀሰው ውሳኔ መኖሩን አይደለም። ብዙ ውሳኔ ባልተሰጠበት ድንጋጌ ላይ ችግሩ ይጠነክራል፤ ከጥቂት ምሳሌ የሚማረው ጥቂት ነውና።

የአማርኛው የሕግ ጽሑፍ

በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ ተቀባይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መሣሪያዎች በብዛት መኖራቸው የእንግሊዝኛውን ቅጂ እንድንተነትን ይጋብዛል፤ እንዲህ የተገኘ ውጤት ግን የትርጉም ትንተና እንጂ የሕጉ ትንተና አይደለም።

የአማርኛው ጽሑፍ የራሱ ጠባይ አለው። «ሕፃን» የሚለው ቃል በሦስቱ «ህ» እና በሁለቱ «ጸ» ምክንያት በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ፊደላቱን ሳያስማማ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው። «ፍ/ቤት» እና «የፍ/ብ/ሕ/ቁ» የመሳሰሉ አሕጽሮቶችም መፍታት ይሻሉ። ከሁሉ የሚያሳስበው አሉታ ነው። «ካልተረጋገጠ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሁኔታውም፣ አሉታውም፣ ግሱም ተዋሕደው ይገኛሉ። ለፍለጋ እንዲመች ተብሎ የቃሉ ቅጥያ ተቀርፎ ግሱ ብቻ ቢቀር፣ «ከተረጋገጠ» እና «ካልተረጋገጠ» አንድ ይሆናሉ። ተጥሎ የተገኘውን ሕፃን ዜጋ የሚያደርገውም የተቀረፈው ያ አሉታ ነበር።

ማጠቃለያ

ሦስቱ መንገዶች የሚተካኩ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ ናቸው። ደንብን መቅረጽ የሕጉን አጥንት ያሳያል፤ ጉዳይን ማነጻጸር የሚያከራክረውን ዳር ያደራጃል፤ ከጽሑፍ መማር ከብዙ ሰነድ ውስጥ አግባብ ያለውን ለማግኘት ያግዛል። ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሁለት ሥራዎች ቅድሚያ የሚሹ ይመስላል። አንደኛው አሉታንና ሁኔታን የማያጠፋ፣ የፊደል ልዩነትን የሚያስማማ የአማርኛ ሕግ የጽሑፍ ክምችት ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ማንኛውም ፕሮግራም «አይደለም» እና «አልተረጋገጠም» የሚሉትን መልሶች ለይቶ እንዲሰጥ፣ ለእያንዳንዱም መልስ መነሻ የሆነውን አንቀጽ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ማስረጃ አለመገኘቱ ሰውን አገር የሚያሳጣበት ወይም አገር የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ሕጉ መሆን ይገባዋል።