እኩለ ቀን ሁልጊዜ 6 ሰዓት ላይ አይደለም

ጂፒኤስ ከመምጣቱ በፊት መርከበኛ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በሴክስታንት (የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በሚለካ መሣሪያ)፣ በአልማናክ (የሰማይ አካላትን ቦታ በሚያሳይ የሠንጠረዥ መጽሐፍ) እና በሰዓት ነበር። ይህን ጥበብ ለመማር ከፍተኛ ሒሳብ ያስፈልጋል የሚለው እምነት ብዙ ሰው የትምህርቱን መጽሐፍ ሳይከፍት እንዲተወው አድርጓል። የልምምድ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ የሠራ ሰው ግን አብዛኛው ሥራ መደመርና መቀነስ መሆኑን ያያል። ልዩነቱ ብድሩ በ10 ሳይሆን በ60 መሆኑ ነው፤ አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነውና። ተማሪውን የሚጥለው ሒሳቡ ሳይሆን ሳይጠይቅ እውነት አድርጎ የያዘው ነገር ነው።

ለምሳሌ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትሆነው ልክ 6 ሰዓት ላይ ይመስለናል። የኢትዮጵያ ሰዓት የተሠራው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። አዲስ አበባ ያለችው 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ስለሆነ 6 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለማለፍ 4 የሰዓት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ እኩለ ቀን በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ነው። እሱም ቢሆን አይረጋም፤ በጥቅምት ማብቂያ ወደ 6 ሰዓት ከ9፣ በየካቲት መጀመሪያ ወደ 6 ሰዓት ከ39 ይሄዳል። በእኛ አቆጣጠር ለሚሠራ ሌላም ወጥመድ አለ። ወደ ግሪንዊች ሰዓት ለመለወጥ የቀኑ ሰዓታችን ላይ 3 ይደመራል እንጂ አይቀነስም። የቀነሰ ሰው 6 ሰዓት ይሳሳታል፤ ይህ በኬንትሮስ 90 ዲግሪ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት የሚለው ነው። አንድ ጥያቄ እንሥራ። ሰኔ 14 ቀን ቀይ ባሕር ላይ ያለ መኮንን የፀሐይን የእኩለ ቀን ከፍታ ለካ። ማረሚያዎቹ ከገቡ በኋላ 82 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ሆነ። ሲለካ ፊቱ ወደ ሰሜን ነበር። አልማናኩ ፀሐይ በዚያ ሰዓት በቀጥታ አናት ላይ የምትውለው 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ሰሜን ላይ መሆኑን ይናገራል። መርከቧ የት ናት?

90ን 89 ዲግሪ ከ60 ደቂቃ ብለን ጽፈን ከፍታውን ስንቀንስ 7 ዲግሪ ከ50 ይቀራል። ፀሐይ ከአናታችን የራቀችው ይህን ያህል ነው። ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በምትሆንበት በአውሮፓ ባሕር የተለማመደ ተማሪ እጁ ሳያስበው ይደምርና 31 ዲግሪ ከ16 ያገኛል። ይህ የእስክንድርያ አካባቢ ነው! ፀሐይ ከመርከቧ በስተሰሜን ከሆነች ግን መርከቧ ከፀሐይ በስተደቡብ ናት፤ ስለዚህ ይቀነሳል። መልሱ 15 ዲግሪ ከ36፣ የምጽዋ ኬክሮስ ነው። አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ስለሆነ ስሕተቱ 940 የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,740 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ያመጣው አንድ የመደመር ምልክት ነው። ለዚህ ነው ከቀመሩ በፊት ሥዕል መሣል ይቅደም የምለው። መርከብ የሌለው ሰው ደግሞ ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ግቢው ውስጥ እንጨት ይትከል፤ የእኩለ ቀኑ ጥላ ወደ ደቡብ ሲወድቅ በዓይኑ ያያል።

ጂፒኤስ ካለ ይህ ሁሉ ለምን የሚሉም አሉ። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ይህን ትምህርት አቋርጦ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ግን መልሶታል። የሳተላይት ምልክት ሊታፈን ይችላል፤ ፀሐይን የሚያፍናት ደመና ብቻ ነው።

ደመናውም ቢሆን ሁልጊዜ አያሸንፍም። በአንድ ልኬት ብቻ፣ ኬክሮስን በእርግጥ ሳያውቁ፣ ምንም ማግኘት አይቻልም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1837 አሜሪካዊው ካፒቴን ቶማስ ሰምነር ወደ ስኮትላንድ ሲጓዝ በአየርላንድና በዌልስ መካከል ወዳለው ባሕር በክፉ አየር ተቃረበ። የት እንዳለ እርግጠኛ አልነበረም። ረፋድ ላይ ፀሐይ በደመና ቀዳዳ ብቅ ስትል ከፍታዋን ለካ። ኬክሮሱን ገምቶ ሠራ፤ ግምቱ ላይ 10 ደቂቃ ጨምሮ ደግሞ ሠራ፤ ሌላ 10 ጨምሮ ሦስተኛ ሠራ። ሦስቱን ነጥቦች ካርታው ላይ ሲያስቀምጣቸው በአንድ ቀጥታ መስመር ተሰለፉ፤ መስመሩም ከዌልስ ጠረፍ ወዲያ ባለው የስሞልስ የመብራት ማማ ላይ ያልፍ ነበር። አንድ ልኬት ነጥብ ባይሰጥም መስመር ይሰጣል። ካፒቴኑ መርከቧን በዚያው መስመር አቀና፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ ከፊቱ ታየው።