የዓሣ ማኖሪያ መስተዋትን ጀርባ ቀለም ስለ መቀባት

ቤትን ማሳመር ማለት ግድግዳውንና ወለሉን ማስጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከጣራው በታች የተጠጋ ፍጥረት ሁሉ ዕረፍት እንዲያገኝ ማሰናዳት ጭምር ነው። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጕዳይ ትንሽ ቢመስልም የሕይወት ነገር አለበት፤ ይኸውም አኳሪየም በሚባለው፤ ዓሣ በቤት ውስጥ በሚኖርበት የመስተዋት ሣጥን፤ የጀርባውን መስተዋት ቀለም ስለ መቀባት ነው።

ዓሣን በመስተዋት ውስጥ አኑሮ መመልከት ለጥናትም አገልግሏል። ዣን ቪልፕሬ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲልያ ደሴት ተቀምጣ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1832 ዓመት፤ የባሕር እንስሳትን ለመመርመር የመስተዋት ገንዳ አሠራች። በ1853 በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ አኳሪየም የሚለው ስም ተለመደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሊቃውንት ወደ ቤተ ሰብ ሳሎን ገባ።

ይሁን እንጂ ዓሣን በቤቱ የሚያኖር ሰው አስቀድሞ ዓሣው በተፈጥሮው እንዴት እንደሚኖር ሊያስብ ይገባዋል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፤ ውጫሌ ታልፎ መርሳ ሳይደረስ በምትገኘው በውርጌሳ ለሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም፤ የሐይቅ ባሕር በስተ ደቡብ በኩል ቅርቡ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ገደማ ተጨምሮበት የተራባበት የዚህ ባሕር ጥልቀት እስከ 80 ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያ ያለ ዓሣ ብርሃን የሚመጣለት ከበላዩ ነው፤ ከበታቹ ያለው ጨለማ ነው፤ የወፍ ጥላ ባለፈበት ጊዜም የሚሸሸግበት አያጣም። በመስተዋት ሣጥን የገባው ግን በአራቱም ማዕዘን ብርሃን ይከበዋል፤ ከኋላው መጋረጃ በተወዛወዘ፤ ሰውም ባለፈ ቍጥር ይደነግጣል። ዘወትር የሚደነግጥ ዓሣ ምግቡን ይተዋል፤ ለበሽታም ይጋለጣል። እንግዲህ የጀርባውን መስተዋት መቀባት ከኋላው የሚተማመንበት ግድግዳ መስጠት ነው።

የቀለሙም ዐይነት ለውጥ ያመጣል። በዓሣ ቆዳ ውስጥ ጥቍር ቅመም የያዙ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሶች አሉ፤ ብዙዎች ዓሦች ዙሪያቸው ሲጠቍር ይህ ቅመም ተበትኖ መልካቸው ይደምቃል፤ ዙሪያቸው ሲነጣ ግን ቅመሙ ተሰብስቦ መልካቸው ይገረጣል። ፍራንሲስ ሰምነር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ትንንሽ ዓሦችን ከፍሎ እኩሌቶቹን በጥቍር፤ እኩሌቶቹን በነጭ ገንዳ አኖራቸው፤ መልካቸውም ገንዳውን መሰለ። ኋላም ፔንግዊን ለሚባሉት ወፎች ባቀረባቸው ጊዜ፤ መልካቸው ከገንዳው ጋር ያልተስማማው ይበልጥ ተበሉ፤ ይህንንም በ1934 አስታወቀ። ስለዚህ ዓሣ መልኩን ከስፍራው ጋር የሚያስማማው ለጌጥ ሳይሆን ነፍሱን ለማዳን ነው። ጥቍር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀለም የዓሣውን መልክ ያደምቃል፤ የውሃውን ተክል አረንጓዴነት ያጐላል፤ የማጥሪያውን ቱቦና የኤሌክትሪኩን ገመድም ይሸፍናል። ነጭ ቀለም ግን ዓሣውን ያገረጣዋል፤ የሚያበቅለውንም አረንጓዴ ሽበት ያሳያል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢዎቻችን አጥብቀው እንዲያስቡት የምንለምነው፤ ቀለሙ በመስተዋቱ የውጭ ፊት እንጂ በውስጡ ፊት ፈጽሞ እንዳይቀባ ነው። በውስጥ የተቀባ ቀለም ቀስ በቀስ እየተላጠ ውሃውን ይመርዘዋል፤ ዓሣውም የሚሸሽበት ሌላ ውሃ የለውም።

ሁለተኛ፤ ሣጥኑ ባዶና ደረቅ ይሁን። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፤ 30 ወርድና 30 ቁመት ያለው ሣጥን 54 ሊትር ይይዛል፤ የውሃው ክብደት ብቻ 54 ኪሎ ነው። ይህን እንደ ሞላ ማንሳት መጋጠሚያውን ያላቅቃል። ደግሞም ውሃ ያለበት መስተዋት ሊያልበው ስለሚችል ቀለም አይዝም፤ የቀለሙም ትነት ወደ ውሃው ይገባል።

ሦስተኛ፤ የውጩን ፊት ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ አጥቦ፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፤ በመጨረሻ በአልኮል መወልወል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጣት አይንካው። ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ይገባል።

አራተኛ፤ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም በሩሎ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። የመጀመሪያው ቅብ ዥንጕርጕር ሆኖ ቢታይ አያሳዝን፤ ወፍራም ቀለም ማልበስ ግን ኋላ ያስልጠዋል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፤ አንዱ ሲደርቅ ሁለተኛውን አግድም፤ ሦስተኛውን ቁልቁል መደረብ ይሻላል። ከዚያም መብራት ከኋላ አድርጎ በፊት በኩል ቢመለከቱ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ይታያል፤ እርሱን መድፈን ነው። ፕላስተሩ የሚነሣው የመጨረሻው ቅብ ፈጽሞ ሳይጠነክር ነው። የዘይት ቀለም እጅግ ይጸናል፤ ነገር ግን ሽታው ይቈያል፤ ለማስለቀቅም ያስቸግራል፤ በውሃ የተበጠበጠው ግን አሳብ የተለወጠ እንደ ሆነ በምላጭ ይፋቃል።

ሥራው መስኮት በተከፈተበት ክፍል፤ ሕፃናት ራቅ ብለው ይሠራ። ውሃም የሚሞላው ሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ነው። እንደ ውርጌሳ ባለ ፀሐይ በሚበረታበት አገር ሣጥኑን ከመስኮት ፊት ማኖር አይገባም፤ ውሃው ይሞቃል፤ ሽበቱም ይበዛል። የተቀባው ጀርባ ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ የቀትርን ፀሐይ ሙቀት አይከለክልም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስባለን። ማኖሩ የሰለቸው ሰው የባዕድ አገር ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር አይጣል፤ በዚያ የነበረውን ፍጥረት ሊያጠፋ ይችላልና፤ ይልቁንስ ለሚያውቅ ሰው ይስጥ። ዓሣ ቢታመም ጮኾ ለጌታው ሊያስታውቅ አይችልም። ስለዚህ ጌታው ወይም እመቤቱ አስቀድመው ሊያስቡለት ይገባል፤ ከጀርባው የሚቀባው ቀለምም የዚህ አሳብ መጀመሪያ ነው።