ጤነኛ የሚመስለው ዳክዬ

ኦክላንድ መሃል ያለውን የሜሪት ሐይቅ የማያውቅ የቤይ ኤሪያ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ከ1870 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዱር እንስሳት የተከለለ ነው፤ ብርዱ ሲገባ ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች ይሞሉታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ይኼ ነው፦ ዶሮን በጥቂት ቀን የሚጨርሰው የወፍ ጉንፋን ዳክዬን ብዙ ጊዜ ምንም አያደርገውም። አንዱ ምክንያት ዘር ነው። ዳክዬ ሪግ-አይ የሚባል፣ ቫይረሱ ሴል ውስጥ እንደገባ ሰውነትን የሚያነቃ ጂን አለው፤ ዶሮ ግን የላትም። በ2010 ይህን ያሳዩት የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ዳክዬም ከዳክዬ ይለያል። አንዱ በኩሱ ብዙ ቫይረስ ይጥላል፣ ሌላው ጥቂት። ዕድሜ አለበት፣ ቀደም ብሎ መያዝ አለበት፣ የበሽታ መከላከያ ጂኖች ልዩነትም አለበት። ቸግሩ፣ የትኛው ብዙ እንደሚጥል በዓይን አይለይም!

ካሊፎርኒያ በዲሴምበር 2024 በዚሁ ቫይረስ የተነሳ (በዋናነት ለወተት ላሞቹ ብላ) የአስቸኳይ ጊዜ አውጃለች። እናም ሳን ሆዜ ጓሮ ውስጥ ለበዓል ዶሮ የምታረቡ ወገኖቼ፣ የዶሮዎቹን ውሃና መኖ ዳክዬ ከሚያርፍበት አርቁ፤ ሐይቅ ዳር የረገጣችሁበትን ጫማም ዶሮ ቤት አታስገቡ።