በጥቂት ገንዘብ ስለሚሠራ የጥበቃ ካሜራ

የማኅበር ንብረት የሚጠበቀው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው መዝጊያ፥ ሁለተኛውም ምስክር ነው። መዝጊያው ተሰብሮ ምስክር ሲታጣ ግን በመንደሩ ጥርጣሬ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠረጠረው ዘበኛው ወይም ድኻው ይሆናል። ቀድሞ በሀገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበረ። ብላቴናውን መድኃኒት አጠጥተው ይመሩትና ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ተቈጥሮ የጠፋውን ይከፍል ነበር። በዚህ ዐይነት ፍርድ ንጹሕ ሰው እንደ ተጐዳ ለመገመት አያስቸግርም። ስለዚህ የታየና የተመዘገበ ማስረጃ ለባለ ንብረቱ ብቻ ሳይሆን ለንጹሑም ሰው መከታ ነው።

በጌዴኦ ዞን፥ በፍስሐ ገነትና በአካባቢዋ፥ የቡና ለቀማ ሲደርስ የታጠበው ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ጠባቂ አብሮት ያድራል። የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ ዘበኛ የሚያቆምበት ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ለዚህ የሚረዳ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ስሙም ኢኤስፒ 32 ካም ይባላል። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፥ ወርዱ 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በአንዱ ሰሌዳ ላይ ማይክሮኮንትሮለር፥ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራና የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ተሰብስበውበታል። ማይክሮኮንትሮለር ማለት ለአንድ የተወሰነ ሥራ የሚታዘዝ እጅግ ትንሽ ኮምፒዩተር ማለት ነው። ዋጋውም በውጭ ገበያ ከ10 የአሜሪካ ዶላር በታች ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፥ ሰሌዳው የዩኤስቢ መሰኪያ ስለሌለው ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው አስማሚ ያስፈልገዋል፤ የአስማሚው መላኪያ ከሰሌዳው መቀበያ፥ መቀበያውም ከሰሌዳው መላኪያ ጋር ይታሰራል፤ ኀይሉም 5 ቮልት ይሁን። ሁለተኛ፥ 0 ቁጥር ያለበት እግር ከግራውንድ ጋር በሽቦ ተገናኝቶ፥ አርዱዊኖ በተባለው በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ውስጥ ለምሳሌ የተዘጋጀው የካሜራ ትእዛዝ ይጫናል። ሦስተኛ፥ ጭነቱ ሲያበቃ ያችው ሽቦ ትነቀልና ሰሌዳው እንደ ገና ይነሣል፤ ይህ ከተረሳ መሣሪያው አዲስ ትእዛዝ ሲጠብቅ ይቀራል እንጂ ሥዕል አያነሣም። ትእዛዙ በጥቂቱ ቢለወጥ መሣሪያው ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ የራሱን ዋይፋይ ይዘረጋል፤ መምህሩም በአቅራቢያው ሆኖ ሥዕሉን በስልኩ ይመለከታል።

ስለ ኀይሉም ማሰብ ይገባል። ካሜራው ሳያቋርጥ ሲሠራ 180 ሚሊ አምፔር ያህል ስለሚወስድ፥ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ ከአንድ ቀን ተኩል ብዙም አያልፍም። ነገር ግን የሚንቀሳቀሰውን ሰው በገላው ሙቀት እስከ 7 ሜትር ድረስ የሚለይ ሴንሰር ተጨምሮለት፥ እስኪቀሰቅሰው ድረስ እንዲያንቀላፋ ቢታዘዝ፥ በእንቅልፉ ጊዜ 6 ሚሊ አምፔር ያህል ይበቃዋል፤ ሲነቃም ሥዕሉን አንሥቶ በካርዱ ላይ ያስቀምጣል። ሆኖም አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚወሰደው ኀይል ሲያንስ ራሱን ያጠፋልና አስቀድሞ መፈተን ያሻል። ፀሐይ ያሞቀው የእንሰት ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ሴንሰሩን ሊያታልለው ስለሚችል ከፊቱ ተክል አይኑር።

መሣሪያው ዝናብ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ሆኖ፥ እጅ በማይደርስበት ከፍታ ይሰቀል፤ ሌባው ካሜራውን ከወሰደ ካርዱም ምስክሩም አብሮ ይሄዳልና። በጨለማ ስለማያይ በደጁ ላይ መብራት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰውን ክብር መጠበቅ ነው። ካሜራው የዕቃ ቤቱን ደጅ ብቻ ይመልከት እንጂ ወደ ጐረቤት ግቢ፥ ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ተማሪዎች ክፍል አይዙር። መኖሩም በጽሕፈት ለሁሉ ይታወቅ፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቁ ጥቂት ኀላፊዎች ብቻ ይሁኑ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስለ ሰው የሚሰበሰብ መረጃ በጥንቃቄ እንዲያዝ ያዝዛልና።

ሥዕሉ የደበዘዘ እንደ ሆነም ሽማግሌዎች በመልክ መመሳሰል ብቻ አይፍረዱ፤ ለፖሊስ ያስረክቡት እንጂ። ባልጠራ ሥዕል ሰውን መወንጀል ሌባ ሻይን በአዲስ ልብስ መመለስ ነው። መሣሪያው ያየውን ያሳያል፤ መመርመርና መፍረድ ግን የሰው ሥራ ነው።