የአሜሪካ ኮሌጆች የበረዶ ሆኪ ብሔራዊ ሻምፒዮና ማጣሪያ

የአሜሪካ ኮሌጆች የበረዶ ሆኪ ብሔራዊ ሻምፒዮና በዩናይትድ ስቴትስ የብሔራዊ ኮሌጆች አትሌቲክስ ማህበር (ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.) አዘጋጅነት በየዓመቱ የሚካሄድ የወንዶች ቡድኖች የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። የመጀመሪያው ውድድር በ1948 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ በአራት ቡድኖች መካከል ተካሂዶ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አሸናፊ ሆኗል። ከ2003 ጀምሮ 16 ቡድኖች ይሳተፋሉ። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ የማለፊያ መንገዶች

አብዛኞቹ ቡድኖች ኮንፈረንስ በሚባል ስብስብ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ ይጫወታሉ። ስድስት ኮንፈረንሶች አሉ፤ እነሱም አትላንቲክ ሆኪ አሜሪካ፣ ቢግ ቴን፣ ሲ.ሲ.ኤች.ኤ.፣ ኢ.ሲ.ኤ.ሲ. ሆኪ፣ ሆኪ ኢስት እና ኤን.ሲ.ኤች.ሲ. ናቸው። በመጋቢት ወር እያንዳንዱ ኮንፈረንስ የራሱን ጥሎ ማለፍ ያካሂዳል። የዚህ ጥሎ ማለፍ አሸናፊ በመደበኛው የውድድር ዘመን ያገኘው ደረጃ ምንም ይሁን ምን በቀጥታ ወደ ብሔራዊ ሻምፒዮናው ያልፋል። በዚህ መንገድ 6 ቦታዎች ይያዛሉ። የቀሩት 10 ቦታዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ሰንጠረዥ ለተሻሉት ቡድኖች ይሰጣሉ።

እንደ አላስካ ፌርባንክስ ያሉ በየትኛውም ኮንፈረንስ ያልታቀፉ ቡድኖች ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው ያላቸው።

የደረጃ አሰጣጥ

እስከ 2025 ድረስ ሲሠራበት የቆየው ዘዴ ፔርዋይዝ ይባላል። ቡድኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ በሦስት መለኪያዎች ይነጻጸሩ ነበር፦ የተጋጣሚዎችን ጥንካሬ በሚጨምር የውጤት መለኪያ፣ ሁለቱም በገጠሟቸው የጋራ ተጋጣሚዎች ላይ ባስመዘገቡት ውጤት እና በእርስ በርስ ግጥሚያቸው። በንጽጽሩ የበለጠው ቡድን አንድ ነጥብ ያገኛል፤ የነጥቦቹ ድምር ደረጃውን ይወስናል። ከ2025–26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ኤን.ፒ.አይ. የተባለ መለኪያ ተተክቷል። በሁለቱም ዘዴዎች ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ ማንን ማሸነፍ የሚለውም ይቆጠራል።

ቦታ የሚያጠብ አሸናፊ

በሰንጠረዡ ከፍ ያለ ቡድን ኮንፈረንሱን ሲያሸንፍ ቀድሞም የሚያልፍ ስለነበር ሌላውን አይጎዳም። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ቡድን ሲያሸንፍ ግን በሰንጠረዡ ጠርዝ ላይ ያለው ቡድን ከውድድሩ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቡድን ራሱ ሳይጫወት በሌላ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ምክንያት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል።

የ2023 ውድድር ሁለቱንም መንገዶች ያሳያል። ኮልጌት በኢ.ሲ.ኤ.ሲ. ግማሽ ፍጻሜ የኮንፈረንሱን መደበኛ ውድድር የመራውን ኩዊኒፒያክን፣ በፍጻሜው ደግሞ ሃርቫርድን አሸንፎ በቀጥታ አለፈ። ኩዊኒፒያክ ቢሸነፍም በደረጃው ምክንያት ገባ። በሻምፒዮናው ኮልጌት በመጀመሪያው ዙር በሚሺጋን 11 ለ 1 ሲሸነፍ፣ ኩዊኒፒያክ ሚኒሶታን በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፎ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ።

ዕድልን ማስላት

ስድስት የፍጻሜ ጨዋታዎች ብቻ ሲቀሩ፣ በጥሎ ማለፍ አቻ ውጤት ስለሌለ፣ ሊከሰቱ የሚችሉት ጥምር ውጤቶች 64 ናቸው። በእያንዳንዱ ኮንፈረንስ አራት ቡድኖች ቀርተው በአንድ ጨዋታ የሚጠፋፉ ቢሆን ደግሞ የሚቀሩት ጨዋታዎች 18፣ ጥምር ውጤቶቹም 262,144 ይሆናሉ። ኮምፒውተር ሁሉንም አስልቶ አንድ ቡድን በስንቱ እንደሚያልፍ ይቆጥራል።

ሆኖም ከ64 ውጤቶች በ48ቱ የሚያልፍ ቡድን ዕድሉ የግድ 75 በመቶ አይደለም፤ ሁሉም ውጤቶች እኩል የመከሰት ዕድል የላቸውምና። ለእያንዳንዱ ጨዋታ የቡድኖቹ ጥንካሬ ታይቶ የማሸነፍ ዕድል መሰጠት አለበት። ጨዋታዎቹ ሲበዙ ሁሉንም ከመቁጠር ይልቅ የቀረውን ውድድር በኮምፒውተር ብዙ ሺህ ጊዜ በማስመሰል ግምቱ ይገኛል።

ከምርጫው በኋላ

የተመረጡት 16 ቡድኖች በአራት ክልላዊ ምድቦች ይከፈላሉ። የየምድቡ አሸናፊዎች ፍሮዝን ፎር በሚባለው የመጨረሻ ዙር ተገናኝተው የአገሪቱን ሻምፒዮን ይለያሉ።