ሲጋራ ለማቆም የራሳችሁን ምክንያት ያዙ

ወጣት አጫሾችን ሳማክር እንዳየሁት፣ «ካንሰር ያመጣል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ብቻውን ብዙም አያነሳሳቸውም፤ ሩቅ ይመስላቸዋልና። የሚያነሳሳቸው ቅርብ ምክንያት ነው፦ ኳስ ሲጫወቱ ትንፋሽ ማጠሩ፣ በየቀኑ የሚወጣው ገንዘብ፣ ከእናት መደበቁ።

የማቆም ጥቅሙም ቶሎ ይጀምራል፦
• በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት ይቀንሳል።
• ከ2 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ የሳንባ አቅም ይሻሻላል።
• ከ40 ዓመት በፊት ያቆመ ሰው ማጨስ ከሚያስከትለው ያለዕድሜ የመሞት አደጋ 90 በመቶ ያህሉን ያስቀራል።

ምን ታድርጉ?
ምክንያታችሁን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የማቆሚያ ቀን ቁረጡ፤ ለጓደኛም ንገሩ። ጫት ወይም መጠጥ ሲጋራ የሚያስመኛችሁ ከሆነ ከእሱ ራቁ። አምሮቱ በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል፤ ውኃ ጠጡ፣ ተንቀሳቀሱ። ቢያገረሽባችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙዎች የተላቀቁት ደጋግመው ሞክረው ነው። ከከበዳችሁ ሐኪም አማክሩ። ቀኑን ግን ዛሬውኑ ወስኑ።